እትዬ እንጉዳይ በፈቃዷ አልለቀቀችም

የእትዬ እንጉዳይን ሞት የሰማሁት ደባርቅ ባለችው ጋራዤ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ በናፍጣ ሳጥብ ነው። ከዳባት የደወለልኝ ወንድሟ ነው። «እንጉዳይ አረፈች» አለኝ። ሞተሩን እንደተፈታ፣ ባለቤቱንም እንደቆመ ትቼው ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ቀበርናት። ዳባት ሙሉ ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ገበሬው፣ ካህኑ፣ የገበያው ሴት ሁሉ። አባቷ በሕይወት ሳሉ የቅኔ መምህር ስለነበሩ፣ እሳቸው ያስተማሯቸው መሪጌቶች ከየደብሩ መጥተው ፍትሐቱን አደረሱላት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደሚገባት ሆነላት።

በሠልስቷ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ግን ሁለት ሰዎች የፕላስቲክ አበባ ይዘው ገቡ። ከዛሪማ በታች ቆላው ውስጥ ያለው የጥጥ እርሻ የላካቸው ናቸው። እሷ የማዳበሪያና የመስኖ ኃላፊ፣ እኔ ደግሞ የፓምፕ መካኒክ ሆነን የሠራነው እዚያ ነው። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና ከስልኩ ላይ የሐዘን መግለጫ ማንበብ ጀመረ። «ወይዘሮ እንጉዳይ ድርጅታችንን በታማኝነት አገልግለው በራሳቸው ፈቃድ ሥራ የለቀቁ፣ ምንጊዜም የቤተሰባችን አካል የነበሩ...»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። በራሳቸው ፈቃድ! ልነሣ ስል አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሟ ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ። «ተው፣ ግርማው፤ ለቅሶ ነው» አለኝ በለሆሳስ። ለቅሶ ስለሆነ ተውኩት። አሁን ግን ለቅሶው አልቋል። እናገራለሁ።

እትዬ እንጉዳይን መጀመሪያ ያየኋት ስትቆጣ ነው። ባወቅኋት ዘመን ሁሉም ግማሹን ጊዜ የማስታውሳት ስትቆጣ ነው። ቀጭንና ረጅም ነበረች። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ጉልበቷ ድረስ የሚደርስ ቦቲ ጫማ አድርጋ በጥጡ መሃል ስትራመድ ከሩቅ ትታወቃለች። ሊማሊሞን ወርጄ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የመስኖ ሠራተኛ ውሃ ማሳው ላይ ለቆ ጥላ ሥር እንቅልፍ ወስዶት ኖሮ፣ መሬቱ ረግረግ ሆኖ ደረሰችበት። ጎንበስ ብላ ከጥጡ ሥር አፈር ዘገነች። በመዳፏ ስትጨምቀው ውሃው በጣቶቿ መሃል ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ያንን ጭቃ ሄዳ ሰውዬው ደረት ላይ ለጠፈችው።

«እግዚኦ! ምን አድርጎህ ነው የምታሰጥመው?»

ሰውዬው ከእንቅልፉ ባንኖ «ውሃ ከጠገበ ይወፍራል ብዬ ነው፣ እትዬ» አለ።

«ሥሩ ወደ ታች የሚወርደው እኮ ውሃ ፍለጋ ነው። አንተ አፉ ድረስ ካመጣህለት ለምን ብሎ ይወርዳል? ነገ ፀሐዩ ሲበረታ በምኑ ይቁም?»

እኔ «ከዚህች ሴት ጋር እንዴት ልሠራ ነው?» ብዬ ፈራሁ። ማታውን ግን የሠራተኛው ሻይ ቤት ውስጥ ከዚያው ሰውዬ ጎን ተቀምጣ፣ ሸሚዙ ላይ የደረቀውን ጭቃ እያሳየች ስትስቅ አየኋት። ቁጣዋ ለሥራው ነበር፤ በሰውየው ቂም ይዛ አታድርም። በማግስቱ ስህተቱን ከደገመ ግን ጭቃው ይደገማል።

እኔ ሰላምታ ስሰጣት «እንደምን አደሩ» አልኳት፤ በዕድሜም በሥልጣንም ትበልጠኛለች። ቀና ብላ አየችኝና «አንቱታውን ለአባቴ ተውለት። እኔን አንቺ በለኝና ፓምፑን በደንብ ሥራልኝ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እያልኩ አንቺ አልኳት።

እርሻው ሰፊ ነው። ወንዙ ዳር የተተከሉት ፓምፖች ውሃውን ስበው ወደ ዋናው ቦይ ያፈሱታል። ከዋናው ቦይ ወደ ትናንሾቹ፣ ከትናንሾቹ ወደ ትልሞቹ ይወርዳል። ጥጡ ጠጥቶ የተረፈው ደግሞ በማሳው ግርጌ ባለው ማፋሰሻ ተሰብስቦ ይወጣል። ማፋሰሻው መጨረሻ ላይ የመንደር ኩሬ አለ። እርሻው ሳይመጣ በፊትም እዚያው የነበረ፣ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ነው። ብዙ ሰው ስለ እርሻው ሲያወራ ስለ ጥጡ ነው የሚያወራው። እትዬ እንጉዳይ ግን አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምትወስደው ወደዚያ ኩሬ ነበር። «እዚህ ላይ የምታጠፉት ሁሉ እዚህ ይደርሳል። ስትሠሩ ይህን እያያችሁ ሥሩ» ትላቸዋለች።

ማዳበሪያ ላይ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ዩሪያ የሚባለውን ነጭ ማዳበሪያ በትንሽ በትንሹ፣ ከሥሩ ጎን በተቆፈረ ጉድጓድ ታስጨምርና አፈር ታስለብሰዋለች። ከዚያ ትንሽ ውሃ ታስለቅቅለታለች። አንዱን ጊዜ ጥጡ ከፍ ሲል፣ ሌላውን ሊያብብ ሲል። ፍሬ ከቋጠረ በኋላ ዩሪያ ወደ ማሳ ይዞ የገባ ሰው ወዮለት። «አሁን ልጁን ሊወልድ ነው፤ አታቅምሱት» ትላለች። ከዚያ በኋላ ዩሪያ ካገኘ ልቡ ወደ ቅጠል ይመለሳል፣ ፍሬው ሳይከፈት ይቀራል፣ ለምለሙን የወደደ ክሽክሽ የሚባል ተባይና ትል ይወርርበታል። ይህን ለእኔ ለመካኒኩ ሳይቀር ደጋግማ ነግራኛለች። ለምን ትነግሪኛለሽ ስላት «ፓምፑን የምትከፍተው አንተ አይደለህ?» አለችኝ።

ከሥራ ባስወጧት ዓመት ክረምት በደጋው ማዳበሪያ ጠፍቶ ነበር። ደባርቅም ዳባትም ገበሬው በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ይውል ነበር። ወንድሟ ገብስና ድንች አምራች ነው። ሐምሌ ላይ ሲደውልላት አጠገቧ ነበርኩ፤ እጇን ቅባት ስለነካው ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነበር የከፈተችው።

«እንጉዳይ፣ እባክሽ ከዚያ አንድ ኬሻ ብቻ ላኪልኝ። ገብሱ ከመሬት አልነሣ አለ።»

«የእኔ አይደለም፣ ወንድሜ።»

«መጋዘን ሙሉ አለ ብለሽኝ አልነበር?»

«አለ። የእኔ ግን አይደለም። የእኔ ቢሆን ተሸክሜ እመጣልህ ነበር።»

ስልኩን ዘጋው። ያን ክረምት የወንድሟ ገብስ እንደነገሩ ሆኖ ቀረ። ይህን አስታውሱልኝ። ሴትየዋ የመጋዘኑ ቁልፍ እጇ ላይ ሆኖ ለገዛ ወንድሟ አንድ ኬሻ አላወጣችም።

ጥቅምት መጣ። ጥጡ ፍሬውን ቋጥሮ የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። ጊዜው ነው፤ እንደዚያ መሆን አለበት። ሥራ አስኪያጁ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደውሎለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጎብኚዎች፣ ባለሥልጣናትና ካሜራ እንደሚመጡ ተነግሮት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጥጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዕድሜ ከእትዬ እንጉዳይ ያንሳል፤ እሷ እርስዎ ስትለው እሱ ግን አንቺ ነው የሚላት። እሱ የሚፈልገው ካሜራው ሲመጣ አረንጓዴ እንዲያይ ነው።

አንድ ማለዳ እኔና እሷ አንድ ፓምፕ ድምፁ ተለውጦ እሱን ልናይ ስንሄድ፣ ዋናው ቦይ አፍ ላይ ሠራተኞች ተሰብስበው አየን። ኬሻ በምላጭ እየቀደዱ ዩሪያውን እንዳለ ወደ ቦዩ ይገለብጡታል። ባዶው ኬሻ ዳር ላይ ተከምሯል። ውሃው ነጩን ነገር እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። በአካፋና በጉድጓድ ሳምንታት የሚፈጀውን ሥራ ውሃው በአንድ ማለዳ ይሥራው ብለው ነው። ወንድሟ የለመነው፣ ደጋው ሁሉ ቆሞ የጠበቀው ማዳበሪያ እንደ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ ሲደፋ አየች።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ፊቷ አመድ መሰለ። «ማን አዘዛችሁ?» አለች።

«ሥራ አስኪያጁ ናቸው፣ እትዬ። ለእሷ ነግሬያታለሁ ነው ያሉን» አለ አንዱ።

«አቁሙ።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። ወደ ቢሮ ገሰገሰች፣ እኔም ተከተልኳት። ሳታንኳኳ ነው የገባችው፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዩሪያውን ቦይ ውስጥ ያስደፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ለምን?»

«ማሳው ቢጫ ሆኗል። ጎብኚዎቹ እንደዚህ ሆኖ እንዲያዩት ነው የምትፈልጊው?»

«ቢጫ የሆነው ደርሶ ነው! አሁን ይህን ከጠጣ ፍሬውን ያበላሸዋል። እሱስ ይቅር፤ ጥጥ ነው፣ ከርሞ ይዘራል። ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ያውቃሉ? ማፋሰሻውን ይዞ ኩሬው ይገባል። ከብት ነው የሚጠጣው። ይገድላቸዋል!»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እየነካካ «እኔ እዚህ የመጣሁት ከብት ላረባ አይደለም» አለ።

አፍጥጣ አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበው ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ «ፓምፑን ሁሉ አጥፋ» አለችኝ። እሱ ከኋላችን «ማንም ፓምፕ እንዳይነካ!» ሲል ሰማሁት። እኔ ግን ትእዛዝ የምቀበለው ከመስኖ ኃላፊዋ ነበር፤ ሄጄ አጠፋሁ። እሷ ዶማ ይዛ ማፋሰሻውን ተከትላ ሮጠች። ቦዩን በአፈር ልትደፍን ነበር። ይሁን እንጂ ውሃው ቀድሟት ሄዷል፤ ዩሪያው ከማለዳው በፊት ሲደፋ የቆየ ኖሯል።

ፓምፑን አጥፍቼ ስደርስ ኩሬው ዳር ነበረች። ቦዩን ደፍናዋለች፤ ላብ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ከብቶቹ ግን ጠጥተዋል። አንድ ወይፈን ጎኑ ላይ ወድቆ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አፉ አረፋ ይደፍቃል። ሌሎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይንገዳገዳሉ። አያ ፈንቴ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ፣ የጥማድ በሬዎቻቸው በዓይናቸው ፊት እየወደቁባቸው ራሳቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ምን መጣብን? መብረቅ ነው?» አሏት።

«መብረቅ አይደለም፣ አያ። መርዝ ነው። ከእኛ የመጣ ነው። አሁን በሬውን ይያዙልኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጮኸች፦ «አቼቶ! ከሠራተኛው ክበብ ወጥ ቤት ያለውን አቼቶ ሁሉ አምጣ! ዛሪማ ሰው ላክ፣ ምግብ ቤት ያለውን ሁሉ ለምኑ!»

አቼቶ ለሰላጣ የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ የዩሪያን መርዝ እንደሚያበርድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በሞተር ሳይክል ተመላልሼ አመጣሁላት። ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር እየደባለቀች፣ የበሬውን አንገት ክንዷ ሥር ቆልፋ፣ በጠርሙስ ከአፉ ጎን ታንቆረቁርለት ነበር። ቀሚሷ፣ እጇ፣ ፊቷ ሁሉ አረፋና አቼቶ ሆኖ ነበር። አንዱን ስታጠጣ ሌላው ይወድቃል። «ቀና አድርገው! ቀና!» ትላለች፤ ድምፅዋ ተሰንጥቋል። የሴቶቹ ልቅሶ ኩሬው ዙሪያ ተነሥቶ ነበር። እሷ ግን አላለቀሰችም።

ገሚሶቹ ዳኑ። ገሚሶቹ አልዳኑም። የአያ ፈንቴ አንዱ በሬ ተነሥቶ ቆመ፤ አጣማጁ ግን ሞተ። ገበሬ ለሆነ ሰው አንድ በሬ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም።

ወደ ማምሻው ሥራ አስኪያጁ በመኪና መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አባ ሰንጋ ነው። በሽታ ነው። ሳይዛመት በፍጥነት ይቃጠሉ» አለ። ይህን ሲል የሞቱት ከብቶች ባለቤቶች ዙሪያውን ቆመዋል። እትዬ እንጉዳይ ወደ መኪናው ቀረብ ብላ በሩን በመዳፏ መታችው። «አባ ሰንጋ? ሰዉ እርስ በርሱ እንዲሸሽ፣ የተረፈውን ከብት ገበያ እንዳይሸጥ ልታደርጉት ነው?» መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

በማግስቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተሰበሰቡ። የደብሩ ቄስ መሃል ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁም መጣ፤ ጠዋት ቢሮው ውስጥ እትዬ እንጉዳይን ጠርቶ «በሽታ ነው ትያለሽ፤ አንቺ ባለሙያ ነሽና ያምኑሻል» ብሏት ነበር። ምን እንደመለሰችለት አላውቅም፤ በሩ ተዘግቶ ስለነበር ወደ ውጭ የተሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነው። ስትወጣ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አላሠረችም። ለቤተ ክርስቲያን እንደሚለበስ አጣፍታ ለብሳዋለች።

ሥራ አስኪያጁ ስለ አባ ሰንጋ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ወደ እሷ እጁን ዘርግቶ «ባለሙያችን ታብራራላችኋለች» አለ።

ተነሣች። «አባቶቼ፣ አባ ሰንጋ አይደለም። ከብቶቻችሁን የገደለው ዩሪያ ነው። ቦያችን ውስጥ ተደፍቶ ኩሬያችሁ ገባ። የማዳበሪያውም የውሃውም ኃላፊ እኔ ነኝ» አለች።

ቄሱ «ልጄ ሆይ፣ ያስደፋሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ አላስደፋሁትም፣ አባ። ግን በእኔ ሥራ ላይ ነው የተደፋው።»

«ማን ነው ታዲያ?»

ፊቷን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞረች። «እዚህ ተቀምጧል። አፍ አለው፤ ራሱ ይናገር።»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱ ስልክ የተደወለለት መስሎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አዎ፣ አዎ፣ እየመጣሁ ነው» እያለ ከቅጥሩ ወጣ። በእግዚአብሔር ፊት እላለሁ፣ ስልኩ አልጮኸም። አጠገቡ ነበርኩ። እኔም ተነሥቼ ያየሁትን፣ በቢሮው በር ላይ የሰማሁትን ተናገርኩ። ሠራተኞቹም ኬሻውን እንዲደፉ ማን እንዳዘዛቸው አንድ በአንድ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ እርሻው የሞተውን ይተካ፣ ያጠፋውም ወጥቶ ይቅርታ ይጠይቅ።

ይቅርታ የጠየቀ የለም። በዚያው ሳምንት እትዬ እንጉዳይ ከማሳ ስትመለስ ጥበቃው በሩ ላይ አስቆማት። ዕቃዋ በአንድ ማዳበሪያ ኬሻ ታጭቆ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጧል። ልብሷ፣ መጽሐፏ፣ የአባቷ ዳዊት ሳይቀር። እስከዛሬ የሚያሳምመኝ ይህ ነው፤ የቅኔ መምህር ዳዊት በዩሪያ ኬሻ ውስጥ ተወርውሮ። ጥበቃው «እትዬ፣ ታዝዤ ነው» አላት። እሷ ዳዊቱን ብቻ አውጥታ በነጠላዋ ጠቀለለችው። «አውቃለሁ። አንተ ልጆች አሉህ» አለችው።

ምክንያቱ ምን ተባለ? ያለ አግባብ ፓምፕ አስቆማ ድርጅቱን ለኪሳራ ዳርጋለች፣ ከብቶቹም የሞቱት በእሷ ጉድለት ነው። ከየት እንደሚያመጡት እግዜር ይወቀው! ስብሰባው ላይ «በሽታ» ያሉት አፎች ናቸው ቢሮ ሲገቡ «የእሷ ጉድለት» ያሉት።

ወደ ዛሪማ የሚወስዳት መኪና ከለከሏት። እኔ ሞተር ሳይክሉን ላመጣ ስሮጥ የመንደሩ ሰው ቀድሞ ደረሰ። አያ ፈንቴ በቅሎ ጭነው መጥተዋል። «በቅሎዋ ላይ ውጪ፣ ልጄ» አሏት። «በቅሎዋ ዕቃዬን ትሸከም፤ እኔ እግር አለኝ» አለች። ከአያ ፈንቴ ጎን ሄደች፤ ከኋላቸው ደግሞ ከብታቸው የሞተባቸው ሰዎች ተከትለዋት በዚያ ሙቀት እስከ መንገዱ ሸኟት። የተሳፈረችበት አይሱዙ እስኪርቅ ቆመው አዩ። እኔም ከዚያ በኋላ እዚያ ብዙ አልቆየሁም።

ጎብኚዎቹ መጡ። ጥጡ በዚያ ዩሪያ ከሰው ቁመት በላይ ሄዶ ለምለም ሆኖ ነበር። አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሡ። በዚያው ሰሞን ለመንደሩ ጊደርና በሬ በጭነት መኪና መጣ፤ መኪናው ላይ «ለአካባቢው ማኅበረሰብ የተበረከተ ድጋፍ» የሚል ባነር ተሰቅሏል። የገደሉትን መልሰው ስጦታ አሉት! አያ ፈንቴ በሬውን ሲቀበሉ ማይክ ተደቀነባቸውና ምን እንደተሰማቸው ተጠየቁ። «የሰጠኝ የለም፤ የገደላችሁትን መለሳችሁ» አሉ። ቪዲዮው ሲለቀቅ እጅ ሲነሡ ብቻ ነው የሚታየው፤ ድምፃቸው ተቆርጦ በምትኩ ሙዚቃ ገብቷል።

ጥጡስ? እሷ እንዳለችው ሆነ። ቅጠል ብቻ። ክሽክሹ ወረረው፣ ፍሬው ሳይከፈት በሰበሰ፣ የተከፈተውም ከክሽክሹ ፈሳሽ የተነሣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሥራ አስኪያጁ በአየር ጠባዩ አመካኘ። ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አዛወሩት፤ በሹመት።

እሷን ግን ማንም አልቀጠራትም። በየእርሻው ማመልከቻ አስገባች። «ስለ አንቺ ሰምተናል» ይሏታል። ዳባት ወንድሟ ግቢ ገባች፤ የድንች ዘርና ነጭ ሽንኩርት አመረተች። ጎረቤቱ ሁሉ ማዳበሪያ ሲያገኝ እሷን ጠርቶ ነው የሚጨምረው፤ አፈር ጨምቃ ስታሳይና ስትቆጣ ትውላለች። ወንድሟ ስለዚያ አንድ ኬሻ ከዚያ ወዲያ አንስቶባት አያውቅም። ቢሆንም ኋላ ከገደላት በሽታ በላይ የጎዳት ሥራዋን መነጠቋ ነው፤ ይህን ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም። ጥጥ የምታውቅ ሴት፣ ውሃን በዓይኗ የምትለካ ሴት፣ ከአንድ ለምለም ፎቶ አነሰች!

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ሕመሙ አልጋ ላይ ካዋላት በኋላ ነው። ከደባርቅ ብርቱካን ይዤላት ሄድኩ። በጣም ከስታ ነበር፤ እጇን ስጨብጥ አጥንቷ ተሰማኝ። የወንድሟ ሚስት ትራስ ደገፍ አድርጋ አስቀመጠቻት። ስለ ፓምፕ ጠየቀችኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ላጽናናት ብዬ «እትዬ፣ አንቺ እኮ ጀግና ነሽ። እዚያ መንደር ሁሉም ጀግና ነው የሚልሽ» አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። ከትራሱ ቀና አለች።

«አትበሉኝ!» አለች። «ጀግና አትበሉኝ። ውሃውን መዝጋት ሥራዬ ነበር። ለገበሬው እውነቱን መንገር ሥራዬ ነበር። ደመወዝ የምበላው ለዚያ ነው። እኔ ሥራዬን ስለሠራሁ ጀግና ከተባልኩ፣ ሌሎቹ ምን ሲሠሩ ነበር? እ? ንገረኛ! ያ ሁሉ ባለሙያ፣ ያ ሁሉ ኃላፊ፣ የመጣው ጎብኚ ሁሉ... ምን ሲሠሩ ነበር?»

ሳል ያዛት። የወንድሟ ሚስት ሮጣ ውሃ አመጣችላትና በዓይኗ ገሠጸችኝ። እትዬ እንጉዳይ ግን ውሃውን በእጇ ገፋ አድርጋ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል መልሴን ትጠብቅ ነበር።